«ስግዱ» ሲባል፣ «ተንሥኡ» ሲባል፦ ካቶሊኮች ለምን ይንበረከካሉ? ለምንስ ይቆማሉ?

የስቅለት ሰሞን ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ስልካቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ቪዲዮ ልካላቸዋለች። ፖፕ ፍራንቸስኮ ናቸው፤ በሕይወት ሳሉ የተቀረጸ ነው። ቀይ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ወለል ላይ በደረታቸው ተደፍተዋል። መዝሙር የለም። ደወል የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ብሏል።

«እናንተም ትሰግዳላችሁ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «እኔ እኮ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ የምታስቀድሱ ነበር የሚመስለኝ።»

አልተቀየምኩም። እዚህ ባሕር ዳር እኛ ካቶሊኮች ጥቂት ነን። ቅዳሴያችንን ገብቶ ያየ ሰው ብዙ አይደለም። እትዬ ግን አንድ ጊዜ ገብተዋል፤ የሰፈራችን ሰው ያረፈ ጊዜ፣ ለፍትሐቱ። ያን ቀን ያዩትንም አልረሱም። አንድ ወጣት ከበሩ ገባ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ድንገት ቀኝ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ ብድግ አለ። «ተደናቅፎ መስሎኝ ክንዱን ልይዘው ነበር» አሉኝ።

ቡና እየጠጣን የመለስኩላቸውን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ካቶሊክ ሆነው አድገውም መቼ ለምን እንደሚንበረከኩ የማያውቁ አሉ። እኔም ለብዙ ዓመት ሌላው ሲንበረከክ እያየሁ ነበር የምንበረከከው።

ከቃሉ እንጀምር። ጉልበት የምንለው የእግርን መታጠፊያ ነው። ጉልበት የምንለው ኃይልንም ነው። «ጉልበት አለኝ» የሚል ሰው ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚናገረው። ያ ሰው ሲንበረከክ ሁለቱንም ጉልበት ነው የሚያጥፈው፤ የእግሩንም፣ የኃይሉንም። ማንንም መምታት አይችልም። ሮጦ ማምለጥም አይችልም። ሰውነቱ አፉ ሳይናገር «አንተ ትበልጣለህ» ብሏል።

«ተንበረከከ» ደግሞ ከግዕዙ «ብርክ» የመጣ ነው። ብርክ ጉልበት ነው። የፈራን ሰው «ብርክ ያዘው» የምንለውም ጉልበቱ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። «ባረከ» እና «በረከት» የሚሉት ቃላትም እነዚህኑ ሦስት ፊደላት ይዘዋል። በዕብራይስጥም ጉልበትና ቡራኬ እንዲሁ ይገጥማሉ። ከአንድ ሥር ናቸው ወይስ እንዲሁ ተመሳሰሉ በሚለው ላይ የቋንቋ ሊቃውንት አይስማሙም። እኔ ግን የጎጃም ልጅ ነኝና ግጥምጥሙ አይደንቀኝም። እኛ አገር ሙሽሮች ከቤት ሊወጡ ሲሉ የእናት የአባታቸውን ጉልበት ይስማሉ። ጉልበት ለመሳም ዝቅ ማለት የግድ ነው። ምርቃቱም የሚወርደው እዚያው ዝቅ እንዳሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለእትዬም መጀመሪያ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው።

ልጅ ሳለሁ በአያቴ አገር፣ በቢቸና በኩል፣ አንድ እርቅ አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው አንዱ ሌላውን ክፉኛ ጎድቶታል። ሽማግሌዎች ለወራት ሲመላለሱ ከርመው ቀኑ ደረሰ። በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ከካብ ላይ የተነሳ ድንጋይ ነው፤ አፈሩ ገና አልረገፈም፣ ጋቢው ላይ ቡናማ ዱቄት ይዘራል። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ደግፏል። ተበዳዩ ፊት ሲደርስ በሁለት ጉልበቱ ወደቀ። ግንባሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

ተበዳዩ ወዲያው አልተናገረም። አንገቱን አዙሮ ዝም አለ። ሽማግሌዎቹ «ስለ እግዚአብሔር» ይላሉ። እሱ ዝም። ደግመው «ስለ እመቤታችን» ይላሉ። እሱ አሁንም ዝም። የተንበረከከው ሰው ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። በመጨረሻ ተበዳዩ ፊቱን መለሰና «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ ተነስ» አለው። አንዱ ሽማግሌ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሳለት። ሰውየው ቆመ። ያኔ ነው ሴቶቹ እልል ያሉት።

እልልታው ሲንበረከክ አልመጣም። ሲነሳ ነው የመጣው።

በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ፣ በስሙ ቅዳሴ ያለው የቂሣርያው ባስልዮስ፣ ይህንኑ ነገር ስለ ጸሎት ጽፎታል። በተንበረከክን ቁጥር በኃጢአት ወደ ምድር መውደቃችንን፣ በተነሳን ቁጥር ደግሞ በፈጣሪያችን ፍቅር ወደ ሰማይ መጠራታችንን በሥራ እናሳያለን ይላል። ልብ በሉ፣ መንበርከኩን ብቻ አይደለም ያነሳው። መውደቅና መነሳት ለእሱ አንድ እንቅስቃሴ ናቸው። ግማሹን ብቻ የሚያደርግ ታሪኩን ግማሽ ላይ ይተወዋል።

ስለዚህ ነው የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን መንበርከክን በአንዳንድ ቀን የከለከለችው። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ ሠለስቱ ምእት የምንላቸው አባቶች፣ በ20ኛው ቀኖናቸው በእሑድና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ክርስቲያን ሁሉ ቆሞ እንዲጸልይ አዘዋል። ቀኖናው የወጣው በእነዚያ ቀናት የሚንበረከኩ ስለነበሩ ነው። ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። በበዓለ ሃምሳ ስግደት እንደሌለ አያቱ ነግራዋለች። በእሑድና በበዓለ ሃምሳ «ተነስ» እንደተባለ ሰው እንቆማለን። ድንጋዩ ከማጅራታችን ተነስቷል።

ግዕዙ ደግሞ ይህን በአንድ ቃል ይዞታል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ለጸሎት ተነሡ ማለቱ ነው። «ትንሣኤ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ግሥ ነው የወጣው። ስለዚህ በየቅዳሴው ከመቀመጫ ብድግ ባልን ቁጥር ሰውነታችን ፋሲካን ይናገራል። እኔ ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ተንሥኡ» ሲባል እየተዝረከረክሁ መነሳት አቃተኝ።

እዚህ ላይ እትዬ አቋረጡኝ። «እናንተም ተንሥኡ ትላላችሁ?»

እንላለን። የጎጃም ካቶሊክ ከሮም ጋር አንድ ነው፤ የሚቀድሰው ግን በግዕዝ ሥርዓት ነው። የባሕር ዳር-ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት በ2015 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ተከፍሎ ሲቋቋምም የግዕዝ ሥርዓት ሀገረ ስብከት ሆኖ ነው። ስለዚህ እትዬ በልጅነታቸው የሰሙት የዲያቆን ጥሪ ሁሉ እኛም ጋ አለ። «ስግዱ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ይባላል፤ ሕዝቡ «ቅድሜከ እግዚኦ ንሰግድ ወንሴብሐከ» ብሎ ይመልሳል። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ፤ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፤ «አድንኑ አርእስቲክሙ»፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ። ካህኑ ስለ እኛ ወደ እግዚአብሔር ሲናገር ዲያቆኑ ለአካላችን ይናገራል። እግራችንን፣ ዓይናችንን፣ አንገታችንን በየተራ ይጠራል። አእምሯችን ሌላ ቦታ ቢሄድ እንኳ ሰውነታችን ተጎትቶ ይመለሳል፤ አእምሮም ተከትሎት ይመጣል።

የሊቃውንቱ ቋንቋም ስግደትን ለይቶ ያስቀምጣል። ራስን ዝቅ ማድረግ አድንኖ ነው። በጉልበት መንበርከክ አስተብርኮ ነው። ግንባር መሬት እስኪነካ መውደቅ ደግሞ ሰጊድ ነው። የፖፑ ቪዲዮ ወደ ሦስተኛው ነው የሚቀርበው።

ወደ ላቲን ሥርዓት፣ ማለትም ወደ ሮማው የቅዳሴ ሥርዓት፣ ስንሻገር ነገሩ ትንሽ ይለወጣል። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉት ብዙዎቹ ካቶሊኮች በዚህ ሥርዓት ነው የሚያስቀድሱት፤ በዓለም ላይም አብዛኛው ካቶሊክ እንዲሁ። እዚያ መንበርከክ ከንስሐ በተጨማሪ ሌላ ትርጉም ይዟል፤ በፊቴ ላለው ጌታ አምልኮዬ ነው የሚል። በ13ኛው መቶ ዘመን አካባቢ በአውሮፓ ካህኑ ቅዱስ ቁርባኑን ከባረከ በኋላ ሕዝቡ እንዲያየው ከፍ ማድረግ ተለመደ። ሕዝቡም ሲያየው ይንበረከክ ጀመር። ዛሬ በላቲን ሥርዓት እሑድም ቢሆን በዚያች ሰዓት ምእመኑ ይንበረከካል።

ኒቅያ በእሑድ አትንበርከኩ ብሎ የለም እንዴ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔንም አስጨንቆኝ ያውቃል። መልሱ ያለው አንድ ዓይነት አቋም ሁለት ነገር ሊናገር በመቻሉ ላይ ነው። የኒቅያ አባቶች የከለከሉት የሐዘንተኛን፣ የንስሐ ገቢን መንበርከክ ነው። የላቲኖቹ መንበርከክ የሐዘን አይደለም። ቶማስ ከትንሣኤ በኋላ ጌታን አይቶ «ጌታዬና አምላኬ» ያለውን ዓይነት ነው። እንባም እንዲሁ ነው፤ በቀብርም ይወርዳል፣ ከውጭ የመጣ ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያቅፉም ይወርዳል።

ያ የተደናቀፈ የመሰለው ወጣትስ? ቀኝ ጉልበትን ብቻ መሬት አስነክቶ መነሳት በላቲን ሥርዓት ለቅዱስ ቁርባን የተለየ ሰላምታ ነው። ወደ እኛም ከእነሱ ነው የመጣው። ቅዱስ ቁርባኑ የሚቀመጥበት ሳጥን አጠገብ ቀይ መብራት ይበራል። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው፤ ጌታ ቤቱ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከመቀመጡ በፊት ጉልበቱን ያጥፋል። ለወንበሩ ወይም ለሕንፃው አይደለም። ከስቅለት የመስቀል ስግደት እስከ ትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ድረስ ብቻ ደግሞ ለመስቀሉም እንዲሁ ይደረጋል። ለመንበረ ታቦቱ ግን ከወገብ ጎንበስ ይባላል። በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ይህን የምናደርገው በጣም በጥድፊያ ነው። እትዬ መደናቀፍ የመሰላቸው እሳቸው ስላላወቁ ብቻ አይመስለኝም። ጉልበት መሬት ሳይነካ እንደ መስፈንጠሪያ የሚነሳ ሰው ምን እየተናገረ እንደሆነ ማየት ይከብዳል። ቀስ ብሎ፣ መሬት አስነክቶ፣ አንድ ትንፋሽ ቆይቶ መነሳት ሁለት ሰከንድ ነው የሚወስደው።

የወንበሩን ነገርም ላንሳ። ሰው ካቶሊክ ሲባል ረጅም አግዳሚ ወንበር ትዝ ይለዋል። አግዳሚው በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የተስፋፋው በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት እዚያም ሕዝቡ እንደ እኛ ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው። እኛ ግን በመቆም ብዛት መቋሚያ ፈጠርን። ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ደብተራ ብብቱን መቋሚያው ላይ ሲያሳርፍ ያየ ሰው፣ መቆም ራሱ ጸሎት እንደሆነ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። መቀመጥም ቢሆን በላቲኑ ሥርዓት ትርጉም አለው። ከወንጌል በፊት ያሉት ምንባባትና ስብከቱ ሲሰሙ ይቀመጣሉ፤ ማርያም በጌታ እግር ሥር እንደተቀመጠችው የተማሪ አቀማመጥ ነው። ወንጌል ሲነበብ ሁሉም ይነሳል።

እትዬ ያዩትን ቪዲዮ ደግሞ ልጨርሰው። በላቲን ሥርዓት የስቅለት ጸሎት ያለ ዝማሬ ይጀምራል። መሪው ካህን በዝምታ ገብቶ መሬት ላይ ይደፋል። ሰው የሚደፋበት ሌላው ቀን ደግሞ የክህነቱ ቀን ነው። ክህነት የሚቀበለው ሰው ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤ ሕዝቡ ከላይ የቅዱሳንን ስም እየጠራ ይለምንለታል። ቀደም ብሎ ተንበርክኮ፣ የተጋጠሙ እጆቹን በጳጳሱ እጆች መካከል አድርጎ «እታዘዛለሁ» ብሏል። ይህ የእጅ ሥርዓት በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ባላባት ለጌታው ሲገባ ያደርገው የነበረ ነው። ብዙ ታሪክ አጥኚዎች ሁለት መዳፍ አጋጥሞ መጸለይንም ከዚያው ጋር ያያይዙታል። ከዚያ በፊት የክርስቲያን ጸሎት እጅን ወደ ላይ መዘርጋት ነበር፤ ካህኑ ዛሬም ሲቀድስ እጁን ዘርግቶ ነው።

አንድ ነገር መለየት አለበት፤ እዚህ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ይነሳል። የተንበረከከ ሁሉ አመለከ ማለት አይደለም። በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ፖፕ ፍራንቸስኮ የደቡብ ሱዳን መሪዎችን ቫቲካን ጋብዘው ነበር። በመጨረሻው ቀን የ82 ዓመቱ ሽማግሌ በሰው እየተደገፉ መሬት ወረዱና የሳልቫ ኪርንና የሪክ ማቻርን ጫማ ሳሙ። በሰላም እንዲጸኑ ሲለምኗቸው ነው። ብዙ ሰው በጣም ደነገጠ። እኔ ግን ሳየው የቢቸናው እርቅ ነው ትዝ ያለኝ። እግር ላይ ወድቆ ስለ ሰላም መለመን ለእኛ አገር ሽማግሌ እንግዳ አይደለም። ለየት የሚያደርገው በዳዩ ሳይሆን አስታራቂው መውደቁ ነው።

ካቶሊካዊ ትምህርትም ይህን ይለያል። ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባው አምልኮ ላትሪያ ይባላል። ለቅዱሳን የሚሰጠው አክብሮት ዱሊያ ነው። ለእመቤታችን የሚሰጠው ከዚያ ከፍ ያለ ነው፤ ግን አምልኮ አይደለም። በሥዕል ፊት የሚንበረከክ ሰው ክብሩ ወደ ተሳለው እንጂ ወደ ቀለሙና ወደ እንጨቱ አይሄድም። ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ በ787 እ.ኤ.አ. የወሰነው ይህንን ነው። የአክብሮትና የአምልኮ ስግደት ብለው የሚለዩት የኦርቶዶክስ መምህራኖቻችንም እዚህ ላይ ከዚህ አይርቁም።

ጉልበት የሚለው ቃል ሌላኛው ትርጉሙ ግን ያሳስበኛል። ጎጃም ስለ ካቶሊክ የሚያስታውሰው አንድ መራራ ነገር አለ። አፄ ሱስንዮስ በ1626 እ.ኤ.አ. ከሮም በተላከው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም ፓፓ መታዘዙን በመሐላ አጸና። ወንድሙ ራስ ስዕለ ክርስቶስ፣ የጎጃም ገዥ፣ የዚያ እምነት ብርቱ ደጋፊ ነበር። እምነቱ በአዋጅና በጦር ሲጫን ሕዝቡ ተነሳ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ ራሱ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሰ። እኛ ካቶሊኮች ይህን ታሪክ ዞረን ማለፍ የለብንም። በጉልበት የታጠፈ ጉልበት ስግደት አይባልም። የቢቸናው ሰውዬ ድንጋዩን በግድ ተሸክሞ ቢሆን ኖሮ እርቅ አይሆንም ነበር።

በራሳችንም ውስጥ መገዳደድ አለ። ቁርባን ተንበርክኮ ያልተቀበለ አላከበረም የሚል አለ። ተንበርክኮ የሚቀበለውን ደግሞ ለታይታ ነው ብሎ የሚያማ አለ። ሁለቱም አይገባኝም። እንደ እኛ ባለው የምሥራቅ ሥርዓት ቆሞ መቀበል ከጥንት የነበረ ነው። ለላቲን ሥርዓትም ቫቲካን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ፣ ተንበርክኮም ሆነ ቆሞ ሊቀበል የመጣን ምእመን በዚያ ምክንያት ብቻ መከልከል እንደማይቻል በግልጽ ተናግራለች።

የማይችልስ? በአጥቢያችን አንዲት እናት አሉ። ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል። ሰው ሁሉ ወደ መሬት ሲወርድ እሳቸው የፊተኛውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጃቸው ይይዛሉ። ጣቶቻቸው ነጭ እስኪሆኑ ጨብጠው ቀስ ብለው ጎንበስ ይላሉ። ነጠላቸው ወደ ፊት ይንሸራተትና ፊታቸውን ይሸፍነዋል። እንዲያ እንዳሉ ይቆያሉ። ሌላው ከተነሳ በኋላ ነው ቀና የሚሉት። በላቲን ሥርዓት መመሪያም ቢሆን በሕመም፣ በቦታ ጥበት ወይም በሌላ በቂ ምክንያት መንበርከክ ያልቻለ ሰው ካህኑ ሲሰግድ በጥልቅ ጎንበስ እንዲል ነው የተጻፈው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች እንዲህ ዓይነት እናት ያውቁ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እትዬ መጨረሻ ላይ የጠየቁኝ ስለ ራሳቸው ነበር። ለቀብርም ለሠርግም ሌላ ጊዜ ቢመጡ ምን ያድርጉ? ምንም ግዴታ የለብዎትም አልኳቸው። እንግዳ እንዲንበረከክ አይጠበቅም። ሰው ሲቆም አብሮ መቆም ይበቃል፤ ሲንበረከክ ቁጭ ብሎ በጸጥታ መቆየት ይቻላል። ቁርባን ለመቀበል ሰው ሲሰለፍ ቦታዎ ላይ መቆየት ነው። ልብዎ ካልፈቀደ ጉልበትዎን አያጥፉ።

«እሺ» አሉኝ፣ የቡናውን ስኒ እያስቀመጡ። «ተንሥኡ ሲባል ግን እነሳለሁ። እሱን አውቀዋለሁ።»